«ሹክ አሉን» ምንጭ አይደለም

«ውስጥ አዋቂዎች ሹክ እንዳሉን…» ብሎ የሚጀምር ወሬ በዩቲዩብ ቻናሉም በቴሌግራም ገጹም የተለመደ ሆኗል። ሹም ሊነሳ ነው፣ ድርጅት ሊሸጥ ነው፣ ታዋቂ ሰው በጠና ታሟል ይባላል። ማን እንዳለ፣ ያለውስ ሰው ነገሩን ከየት እንዳወቀ አይነገርም። ይህ አነጋገር ዜናን እንደሚያበላሽ ብዙ ሰው ጽፏል። ሹክሹክታንም ያበላሻል ባይ ነኝ፤ ለእሱም መቆርቆር አለብን።

አማርኛ ዝቅ ላለ ንግግር ብዙ ቃል አለው፤ ቃላቱን የሚለያያቸውም የድምፁ መጠን ብቻ አይደለም። ቅሬታው እንዲሰማለት እየፈለገ ፊት ለፊት መናገር ያልደፈረ ሰው ያጉረመርማል። ካህኑ በቅዳሴ መካከል ምእመናን የማይሰሙትን ጸሎት በለሆሳስ ያደርሳል። ቃሉ የግእዝ ነው፤ በዕለት ንግግራችንም «በለሆሳስ ነገረኝ» ስንል ርጋታና አክብሮት አብረውት ይመጣሉ። አንዱ ለአንዱ የሚጠቅመውን ነገር በጆሮው ሲነግረው ሹክ አለው እንላለን፤ «ማስታወቂያ ሊወጣ ነውና ማስረጃህን አዘጋጅ» እንደሚባለው። ነገሩ ተደጋግሞ በብዙ ሰው መካከል ሲሆን ሹክሹክታ ይሆናል። ያኔ እንዳይሰማ የተደረገ ሌላ ሰው አለ ማለት ነው። «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» የሚባለው ስለዚህ ሰው ነው።

ያ ሰው ግን ሁልጊዜ የሚታማ ሰው አይደለም። መርዶን እናስብ። ሩቅ አገር የሞተ ልጅ ወሬ ብዙ ጊዜ ከእናቱ በፊት ዘመድና ጎረቤት ዘንድ ይደርሳል። በየጓዳው ሹክሹክታ ይጀመራል። ማን ያርዳት? ደም ግፊት አለባት፣ ማን አጠገቧ ይሁን? እህቷ ከክፍለ ሀገር እስክትገባ ይጠበቅ ወይስ ነገ ይነገራት? እሷ ብቅ ስትል ሁሉም ዝም ይላል፣ ወይም ስለ ሌላ ነገር ማውራት ይጀምራል። ከዚያ አንድ ቀን ገና ሳይነጋ ሽማግሌዎች በሯን ያንኳኳሉ፤ ከመካከላቸውም አንዱ ይናገራል።

ይህን ልማድ የሚነቅፉ አሉ፤ ነቀፋቸውም እውነት አለው። በተለይ ሕመሙ ጭምር ስለሚደበቅ፣ ደርሶ መሰናበት ይችል የነበረ ስንት ሰው ሳይሰናበት ቀርቷል። ሆኖም መርዶው ያስከተለው ሹክሹክታ ማብቂያ አለው። የሚያበቃውም አንድ ሰው ከእናቲቱ ፊት ቆሞ፣ በሚሰማ ድምፅ፣ ልቅሶዋንም ቁጣዋንም ሊቀበል ተዘጋጅቶ ሲናገር ነው። አሁን «ነፍስ ይማር» የሚል ጽሑፍ ከነፎቶው ፌስቡክ ላይ ይቀድማል፤ ልጅ የአባቷን ሞት ታክሲ ውስጥ ተቀምጣ ስልኳ ላይ ታነባለች። የለጠፈው ሰው ያዘነ ሰው ነው፤ ግን መጠበቅ ነበረበት።

ፍርሃት የወለደው ሹክሹክታም አለ። በቀይ ሽብር ወቅት፣ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም.፣ ሰው በገዛ ቤቱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር የሚያወራው። በደርግ ዘመን የውጭ ሬዲዮ የሚያዳምጥ ሰው ድምፁን ቀንሶ፣ ጆሮውን አስጠግቶ ያዳምጥ ነበር፤ ጆሮ ጠቢው ማን እንደሆነ አይታወቅማ። በጥንቱም ዘመን መኳንንቱ «እረኛ ምን አለ?» ብለው ያስጠይቁ ነበር ይባላል፤ በአደባባይ የማይደፈረው ነገር በእረኛ ዘፈን ይወጣልና። መናገር በሚያስገድልበት ጊዜ እውነት ከሰው ወደ ሰው ያለፈው በሹክሹክታ ነው። ዛሬም ቢሆን አለቃውን የሚፈራ ሠራተኛ የሚያውቀውን ምዝበራ ለጋዜጠኛ ሹክ ቢል አላጠፋም። ስሙን መጠበቅም የጋዜጠኛው ግዴታ ነው።

ግዴታው ግን እዚያ አያበቃም። ደህና ጋዜጠኛ ሹክ የተባለውን ይዞ ሰነድ ይፈልጋል፣ ሌላ ሰው ይጠይቃል፣ ለሚወቀሰው ወገን ደውሎ መልሱን ይቀበላል፣ በመጨረሻም በራሱ ስም ይጽፋል። መርዶ ነጋሪው ሽማግሌ እንደቆመው እሱም ይቆማል። «ሹክ አሉን» ባዩ የሚቆምበት ስፍራ የለውም። ወሬው እውነት ከሆነ «ቀድመን ነግረናችሁ ነበር»፣ ሐሰት ከሆነ «እኛም የሰማነውን ነው ያልነው» ይላል። ሰውዬው ግን በሐሰት ወሬ ተሰድቧል፣ ቤተሰቡም ደንግጧል።

ሹክሹክታ ለስሕተት የተጋለጠው በሰው ጠባይ ብቻ አይደለም። ሹክ ስንል የድምፅ አውታሮቻችን አይርገበገቡም፤ የሚሰማው በጠባቡ ቀዳዳ የሚያልፈው አየር ነው። በዚህ ምክንያት የ«ዘ» እና የ«ሰ»፣ የ«ገ» እና የ«ከ» ልዩነት ይደበዝዛል፤ «ዘራ» የተባለው «ሠራ» ሆኖ ሊሰማ ይችላል። ተራ ጭውውት 60 ዴሲቤል ገደማ ሲሆን ሹክሹክታ ወደ 30 ይወርዳል፤ በድምፅ ኃይል ሲሰላ ልዩነቱ ሺህ እጥፍ ነው። የጎደለውን ሰሚው በግምቱ ይሞላዋል። ለሚቀጥለው ሰው ሲያቀብለው ደግሞ የሰማው የቱ፣ የገመተው የቱ እንደሆነ ለይቶ አይነግርም። እንዲህ በስንት ጆሮ አልፎ የመጣ ነገር ነው «መረጃ» ተብሎ በትልልቅ ፊደል የሚለጠፈው።

መሥሪያ ቤቶችም ከዚህ ነፃ አይደሉም። ስልክ የማያነሳ፣ ካነሳም «ስብሰባ ላይ ነኝ» ብሎ የሚዘጋ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ ሹክሹክታውን ራሱ ያራባዋል። የሚመለከተው አካል ዝም ባለ ቁጥር የማይመለከተው ይናገራል።

ከአዘጋጆች የምጠይቀው ከባድ ነገር አይደለም። የምንጩ ስም የማይጠቀስ ከሆነ ለምን እንደማይጠቀስ ይጻፍ። ነገሩን እንዴት ሊያውቅ እንደቻለም ይጻፍ፤ ስብሰባው ላይ ነበር? ደብዳቤውን በዓይኑ አይቷል? ወይስ እሱም ከሌላ ሰው ነው የሰማው? ከሌላ የሰማ ከሆነ ያ ሌላ ሰው እስኪገኝና እስኪጠየቅ ድረስ ወሬው አይለጠፍ።