የዳይኖሰር ክብር የኦወን ብቻ ነው?

እንግሊዛዊው የአናቶሚ ሊቅ ሪቻርድ ኦወን በ1842 ለዳይኖሰሮች ወገን «ዳይኖሶሪያ» የሚለውን ስም አወጣ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው)። ክብሩ ለሱ ብቻ ይገባል ወይ? ሁለት ጸሐፊዎች ተከራክረውበታል።

ይገባል የሚለው

ከኦወን በፊት የነበረው የተበታተነ አጥንት ነው። እንግሊዛዊው የጂኦሎጂ ሊቅ ባክላንድ በ1824 ሜጋሎሳውረስን ሰየመ። ሐኪሙ ማንቴል በ1825 ኢጉዋኖዶንን፣ በ1833 ሃይሊዮሳውረስን ሰየመ። ሦስቱም እንደ ግዙፍ እንሽላሊት ነበር የሚታዩት። ኦወን ግን ዳሌያቸው ላይ አተኮረ። አምስት የአከርካሪ አጥንቶች አንድ ላይ ተጣብቀዋል። እንሽላሊት ላይ እዚያ ቦታ ያሉት ሁለት ብቻ ናቸው። እግራቸውም ወደ ጎን አልተንፈራጠጠም፤ ከሰውነታቸው ስር እንደ ምሰሶ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ሌሎቹ አጥንቱን ይዘውት ያላዩትን ዝምድና እሱ አየ። ሳይንስ ማለት ለኔ ይኼ ነው።

አይገባም የምትለው

ወንድሜ፣ ዳሌው ላይ አልከራከርህም። ግን አጥንቱ ከየት መጣ? የኢጉዋኖዶኑ ዳሌ የለንደኑ ወይን ነጋዴ ዊልያም ሶል ስብስብ ውስጥ የነበረ ነው። ሃይሊዮሳውረሱ ደግሞ የማንቴል ነበር።

ማንቴል እንግሊዝ ውስጥ የሉዊስ ከተማ ሐኪም ነው። ቀን ሕመምተኛ ያያል፣ ከሥራ ሲወጣ አጥንት ይመረምራል። የኢጉዋኖዶንን ጥርስ ፈረንሳዊው ኩቪዬ መጀመሪያ ሲያየው የአውራሪስ ነው ብሎት ነበር። የዘመኑ ትልቁ ሊቅ እንዲህ ሲልህ ማን ይጸናል? ማንቴል ጸና። ለንደን ሄዶ ኢጉዋና ከሚባለው እንሽላሊት ጥርስ ጋር አስተያየው፤ ከመጠኑ በቀር ተመሳሳይ ሆኖ አገኘው። ለዚህ ሥራው በ1849 የእንግሊዝ የሳይንስ ማኅበር የሮያል ሶሳይቲ ሜዳልያ ሲታጭለት የተቃወመው ማን መሰለህ? ኦወን!

የዘመኑ ልማድም ይኸው ነበር። አጥንት ፈላጊዋ ሜሪ አኒንግ እንግሊዝ ውስጥ ላይም ሪጂስ ባሕር ዳርቻ ያገኘችው የፕሌሲዮሳውረስ አጽም (የባሕር እንስሳ ነው እንጂ ዳይኖሰር ባይሆንም) በ1824 ለጂኦሎጂ ማኅበር ሲቀርብ፣ አቅራቢው ኮኒቤር ስሟን እንኳ አላነሳም።

ይገባል የሚለው

በአኒንግ ላይ የተፈጸመው ግፍ ነው፤ እኔንም ያንገበግበኛል። የኦወንን ጠባይም አልከላከልም። ግን እህቴ፣ ማንቴልንም መልአክ አናድርገው። የኢጉዋኖዶንን የአውራ ጣት ሹል አጥንት ቀንድ ነው ብሎ አፍንጫው ላይ የሳለው እሱ ነው። በ1854 ለንደን፣ ክሪስታል ፓላስ የቆመው የኢጉዋኖዶን ሐውልት ያንን ቀንድ ይዟል፤ ኦወን ግን ቀንድ መሆኑን ተጠራጥሮ ነበር።

አይገባም የምትለው

ቀንዱን እቀበላለሁ። ያው ሐውልት ግን በአራት ወፋፍራም እግሮች ነው የቆመው፤ ይኼ የኦወን ሐሳብ ነው። ማንቴል በ1852 ከመሞቱ በፊት የፊት እግሮቹ ቀጫጭን መሆናቸውን ተናግሮ ነበር። በ1878 ቤልጅየም፣ ቤርኒሳር የከሰል ማዕድን ውስጥ ሙሉ አጽሞች ሲገኙ ትክክል የነበረው ማንቴል መሆኑ ታወቀ።

ዛሬም መጻሕፍት «ዳይኖሶሪያ፣ ኦወን፣ 1842» ብለው ያልፋሉ። ከሦስቱ መነሻ እንስሳት ሁለቱን የሰየመው ማንቴል ነው። እነሱ ባይኖሩ ኦወን ምኑን ከምን ያነጻጽር ነበር? ይኼን መልስልኝ።