እርማት፦ ለኦዋስፕ በበጎ ፈቃድ ለመሥራት ሲስተም ሰባሪ መሆን ግድ አይደለም

«ከደብረ ብርሃን ሆኖ ለኦዋስፕ በበጎ ፈቃድ መሥራት የሚችለው ሲስተም ሰብሮ መግባት የሚያውቅና የአባልነት ክፍያ የከፈለ ብቻ ነው» ያሉት ትክክል አይደለም፣ ወንድሜ። ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለው ይህ የሶፍትዌር ደኅንነት ድርጅት (OWASP) ፕሮጀክቶቹን ለማንም ክፍት አድርጓል፤ ክፍያው ለአባልነት እንጂ ለተሳትፎ አይደለም። ሰነድ ማረምና መተርጎምም ሥራ ነው።

የፕሮጀክቶቹ ፋይሎች በሚቀመጡበት ድረ ገጽ፣ ጊትሀብ ላይ አካውንት ይክፈቱ፣ የፕሮጀክቱን የተሳትፎ መመሪያ ያንብቡ፣ ሊሠሩ ያሰቡትን በኢሹ (በፕሮጀክቱ ገጽ ላይ በሚከፈት መልእክት) አስቀድመው ያሳውቁ። ከዚያ ፎርክ አድርገው (የፕሮጀክቱን ቅጂ ወደ አካውንትዎ ወስደው) በራስዎ ብራንች (የሥራ ቅርንጫፍ) አንድ ለውጥ ብቻ ይላኩ። ብዙው ሰው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው፤ ሃያ ገጽ በአንድ ፑል ሪኩዌስት (ለውጤን ተቀበሉኝ በሚል ጥያቄ) ይጭናል፣ ገምጋሚዎቹም በትርፍ ጊዜያቸው የሚሠሩ በጎ ፈቃደኞች ስለሆኑ ሳይታይ ይከርማል። ትርጉም ከሆነ ከየትኛው እትም እንደተረጎሙ ይግለጹ፤ አለዚያ ያረጀውን ሲተረጉሙ ልፋትዎ ሜዳ ይቀራል። ኔትወርኩ ከደከመ ክሎን ሲያደርጉ (ፕሮጀክቱን በጊት ወደ ኮምፒውተርዎ ሲያወርዱ) ጥልቀቱን 1 (--depth 1) ይበሉት፤ የኋላ ታሪኩን ትቶ የአሁኑን ብቻ ያወርዳል።

የደኅንነት ክፍተት ካገኙ በአደባባይ ኢሹ አይጻፉት፤ ጥገናው ሳይደርስ አጥቂ ያነበዋል። በፕሮጀክቱ ሴኩሪቲ ፋይል (SECURITY.md) በተመለከተው የግል መንገድ ያሳውቁ። ለልምምድ ሆን ተብሎ ከነክፍተቱ የተሠራውን የኦዋስፕ መለማመጃ ድረ ገጽ፣ ጁስ ሾፕን በገዛ ኮምፒውተርዎ ያስነሱ፤ በብራውዘርዎ በፖርት 3000 (localhost:3000) ይከፈታል። የመሥሪያ ቤት ወይም የባንክ ሲስተም ውስጥ ያለ ፈቃድ መግባት ግን በአዋጅ ቁጥር 958/2008 ወንጀል ነው።