የአንድ በተን ቀለም ለመቀየር ይህ ሁሉ ጣጣ?

ኧረ እስቲ የሚያስረዳኝ ካለ ያስረዳኝ። ዴስክቶፕ አፕሊኬሽን ላይ የአንድ በተን (ስክሪን ላይ የምንጫነው ቁልፍ) ቀለም መቀየር እስከ መቼ ነው እንዲህ የሚያሰቃየን?

ሥራው ስለከበደ አይደለም የምናደደው። ከባድ ሥራ ለምደናል። የሚያበግነኝ ዝምታው ነው። ቀለሙን የምንሰጥበት ፕሮፐርቲ (ቅንብር) አለ። ቀለም እሰጠዋለሁ፣ ይቀበለኛል። ኤረር የለም፣ ማስጠንቀቂያ የለም። ፕሮግራሙን ሳስነሳው ምንም የተቀየረ ነገር የለም።

ዊንዶውስ ፎርምስ (የማይክሮሶፍት የዴስክቶፕ አፕሊኬሽን መሥሪያ) ላይ ፕሮግረስ ባር (ሥራው የት እንደደረሰ የሚያሳየው መስመር) የሞከረ ሰው ያውቀዋል። ፎርከለር የሚባል የቀለም ፕሮፐርቲ አለው። ቀይ ብትሉት፣ ቢጫ ብትሉት፣ አረንጓዴው ንቅንቅ አይልም። እ.ኤ.አ. በ2001 ከመጣው ዊንዶውስ ኤክስፒ ወዲህ እነዚህን ነገሮች የሚስላቸው የሲስተሙ ቴም (የዊንዶውሱ የራሱ መልክ) ነው። ቪዥዋል ስታይል የሚባለው ይህ አሳሳል ከበራ የእኛን ቀለም የሚሰማ የለም። ይጥፋ ካልን ቀለሙ ይሠራል፣ መልኩ ግን ወደ ድሮው ዊንዶውስ ይመለሳል። ቲኪንተርም (የፓይተን መስኮትና በተን መሥሪያ) ማክ ላይ ያው ነው፤ ባክግራውንድ ስጡት፣ የበተኑ ፊት አይቀየርም።

ደብሊውፒኤፍ (WPF፣ ሌላው የማይክሮሶፍት መሥሪያ) ደግሞ ሌላ ጉድ አለው። እዚያ ቀለሙ ይሠራል። በተኑ ቀይ ይሆናል፣ ደስ ይለናል። ማውሱን ስናሳርፍበት ግን ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ ሆኖ ቁጭ! ያ ሰማያዊ የተጻፈው በበተኑ ቴምፕሌት (በተኑ እንዴት እንደሚሳል የሚወስነው ኮድ) ውስጥ ነው። እሱን አንዱን ቀለም ለመንካት ሙሉ ቴምፕሌቱን እንደገና መጻፍ አለብን። ቦርደሩን፣ ጽሑፉ የሚቀመጥበትን፣ ሲጫኑት የሚሆነውን፣ ዲሴብል ሲሆን የሚደበዝዘውን፣ ሁሉንም። ለአንድ ቀለም! ከዚያ አለቃ ይመጣና «ቀለም ብቻ እኮ ነው፣ ምን አቆየህ?» ይላል።

ኪውት (Qt) የሚባለው መሥሪያስ? የራሱ መመሪያ በግልጽ ይናገራል፤ ኮምቦቦክስ (ምርጫ የሚዘረዝር ሳጥን) ወይም ስክሮልባር (ገጽ ማንሸራተቻ) ላይ አንዷን ነገር በስታይልሺት (መልክ በሚገልጽ ጽሑፍ) ከነካችሁ የቀረውንም ሁሉ እናንተው አስተካክሉ ይላል። ቢያንስ እሱ አስቀድሞ ተናግሯል፣ ለዚህ አከብረዋለሁ።

ከሁሉ በላይ የሚያሳዝነኝ ተጠቃሚው ነው። እኛ ራሳችን ስንስለው ሲስተሙ በነጻ ይሰጠን የነበረው ነገር ይጠፋል። ማውስ መያዝ የማይችል ሰው በኪቦርድ ነው የሚሠራው። ታብ ሲጫን የቱ በተን ላይ እንዳለ የሚያሳየው ያቺ ቀጭን የፎከስ መስመር ናት። ዲዛይነሩ በላከው ሥዕል ላይ የለችም፣ እኛም ረሳናት፣ ሰውዬው «ሰርዝ» ላይ ይሁን «አስቀምጥ» ላይ ሳያውቅ ኢንተር ይጫናል። ዓይኑ ደከም ያለ ሰው ሃይ ኮንትራስት (ቀለሞችን አጉልቶ የሚለይ የሲስተም ቅንብር) ሲያበራም ሌላው ሁሉ ይቀየራል፣ በእጃችን የቀባነው በተን ብቻ እንደነበረ ይቀራል።

ብዙዎች ተስፋ ቆርጠው ወደ ኤሌክትሮን (አፕሊኬሽኑን ከነብራውዘሩ አንድ ላይ የሚጭን መሥሪያ) የሄዱት በዚህ ነው። ለትንሽ ማስታወሻ መጻፊያ ሙሉ ብራውዘር መጫን ጥሩ ሆኖ አይደለም፤ እዚያ ቀለም ሲሰጡት ስለሚቀበል ነው።

አይቻልም እንዳትሉኝ። ዊንዶውስ ፎርምስ ራሱ በተኑን ፍላት (ጠፍጣፋ መልክ ያለው) ካደረግነው፣ ማውስ ሲያርፍበትና ሲጫኑት የሚታየውን ቀለም ለየብቻ ይቀበላል። ታዲያ ሌላው ምን ነካው? እናንተ የእነዚህ መሥሪያዎች ሠሪዎች፣ የማውሱን፣ የፎከሱን፣ የዲሴብሉን ቀለም በየራሱ ስጡን፣ የቀረውን እናንተው ሳሉት። የማይሠራ ፕሮፐርቲ ካለ ደግሞ አንሱት። ካልሆነም አይሠራም ብላችሁ አንዲት መስመር ማስጠንቀቂያ ጻፉልን።