«እንደተመቻችሁ»

ልጄ ሽቱትጋርት ውስጥ ፒያኖ መማር ከጀመረች ሦስተኛ ዓመቷን ይዛለች። ዘወትር ማክሰኞ፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ተኩል፣ አርባ አምስት ደቂቃ። ያኔ ውሉን ስፈርም አንዱ አንቀጽ አናዶኝ ነበር። ክፍያው የዓመት ሆኖ ለአሥራ ሁለት ወር ተከፋፍሏል፤ በየወሩ መጀመሪያ ከባንክ ይቆረጣል። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ግን ፒያኖውም አብሮ ይዘጋል። ኦገስትን ሙሉ አንድ ቀን እንኳን ትምህርት የለም፤ ገንዘቡ ግን እንደ ሌላው ወር ይወጣል። «ላልተማረችበት ወር ለምን እከፍላለሁ?» ብዬ መምህርቷን በትሕትና ጠየቅኳት። ሴትዮዋ ቅርም ሳይላት፣ ፈገግም ሳትል፣ «በኦገስትም የቤት ኪራይ አለብኝ» አለችኝ። ሌላ አልጨመረችም። ፈረምኩ።

የዚያች መልስ ትርጉም የገባኝ ከሁለት ዓመት በኋላ ነው፤ በአዲስ አበባ ክረምት ምክንያት።

ባለፈው ዓመት ልጄን ይዤ ገርጂ እናቴ ቤት አምስት ሳምንት ከረምን። ዝናቡ ከቤት አላስወጣ ሲላት ቴሌቪዥን ላይ ማሲንቆ ሲመታ አይታ «ይሄ ሁሉ ድምፅ ከአንድ ጅማት ብቻ ነው የሚወጣው?» ብላ አፈጠጠች። በሰው በሰው ተጠይቆ አንድ መምህር ተገኙልን። ዕድሜያቸው ከሃምሳ ያለፈ፣ ማታ ማታ ባህል ምሽት ቤት የሚጫወቱ፣ ቀን ቀን ደግሞ በየሰው ቤት እየዞሩ ልጆች የሚያስተምሩ ሰው ናቸው። በሳምንት ሁለት ቀን ሊመጡ ተስማሙ። ቤታቸው አየር ጤና ነው፤ ገርጂ ለመድረስ ሁለት ታክሲ ይይዛሉ። ዋጋውን ስጠይቃቸው አንገታቸውን ሰበር አድርገው «ኧረ እንደተመቻችሁ» አሉ። እናቴ «እግዜር ይስጥልን» አለች። እኔም ደግ ሰው አገኘን ብዬ ደስ አለኝ፤ ወሬው በዚያው ተዘጋ።

ስለ ትምህርቱ ልንገራችሁ። የመጀመሪያ ቀን ልጄ ወንበር ላይ ቀጥ ብላ ተቀምጣ ኖታው እንዲሰጣት ትጠብቃለች። እሳቸው ከጨርቅ ከረጢት ውስጥ ማሲንቋቸውን አወጡና «እስቲ የምትወጂውን አንጎራጉሪልኝ» አሏት። አማርኛዋ ኮልታፋ ስለሆነ አፈረች፤ ከመዋዕለ ሕፃናት የምታውቀውን የጀርመን የልጆች ዜማ ዝቅ ባለ ድምፅ አንጎራጎረች። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሟት። ከዚያ መቃኛውን ሲያጠብቁ፣ ሲያላሉ ቆይተው የማሲንቆውን ድምፅ ከእሷ ድምፅ ጋር አገጣጠሙት። ልጄ ወደ እኔ ዞራ በጀርመንኛ «እኔን ነው የቃኘው» አለችኝ። ሽቱትጋርት ያለውን ፒያኖ ባለሙያ መጥቶ ይቃኘዋል፤ እሷ ናት እሱን የምትከተለው። መሣሪያ ለእሷ ሲቃኝ ይህ የመጀመሪያዋ ነበር።

ደጋኑን ዕጣን ሲቀቡት ሽታው ቤቱን ሞላው። ጣቶቿን ጅማቱ ላይ ሳይሆን ከጎኑ እንዴት እንደምታሳርፍ አሳዩአት፤ እንደ ቫዮሊን ተጭና የምትይዝበት እንጨት ከሥሩ የለም፤ ጣት አየር ላይ ቦታውን ማወቅ አለበት። ወረቀት የሚባል ነገር አልነበረም። አንዲት ሐረግ ይመታሉ፣ ትደግማለች። ስትሳሳት «ተሳሳትሽ» አይሏትም፤ ያንኑ ሐረግ እንደገና ይመታሉ። አምስቴ፣ ስድስቴ። አርባ አምስት ደቂቃ ሞላ አልሞላ ብሎ ሰዓት የሚያይ የለም። አንዳንድ ቀን ሁለት ሰዓት ይሆናል፤ ቡና ይፈላል፣ የጎረቤት ልጆች በር ላይ ይኮለኮላሉ። እኛ በምንኖርበት አገር እኮ ሙዚቃና ጎረቤት ፍርድ ቤት የሚገናኙ ናቸው። በኦግስቡርግ ቴአትር የሚሠራ አንድ ጥሩንባ ነፊ እቤቱ በመለማመዱና በሳምንት ሁለት ሰዓት ተማሪ በማስተማሩ ከጎረቤቶቹ ጋር ተካሶ ጉዳዩ እስከ ፌዴራሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ ነበር። ፍርድ ቤቱ በ2018 እ.ኤ.አ. ጎረቤት በሥራ ቀን ሁለት ሦስት ሰዓት ያህል ልምምድ መቻል እንዳለበት ተናገረ። ገርጂ ላይ ጎረቤት የመጣው ሊያጨበጭብ ነው። ይህን ሳይ አገሬን ወደድኳት፤ አሁንም በዚህ አልጸጸትም።

የምጸጸትበት ሌላ ነው። በአምስቱ ሳምንት ውስጥ አሥር ቀን ሊያስተምሩ ተነጋግረን ነበር። አንድ ቀን ለቅሶ ሄድን። አንድ ቀን የዘመድ ሠርግ ነበረብን። በሦስተኛው ልጄን ሆዷን አመማትና ሐኪም ቤት ስሯሯጥ ስልክ መደወል ረሳሁ። ሦስቱንም ቀን መምህሩ በዝናብ ሁለት ታክሲ ይዘው መጥተው የግቢው በር ላይ «ዛሬ የሉም» ተብለው ተመልሰዋል። በሚቀጥለው ቀን ይቅርታ ስጠይቅ «ምንም አይደል፣ ይህማ ያለ ነው» ይላሉ። ሽቱትጋርት ቢሆን ከአንድ ቀን በፊት ካላስታወቅሁ ክፍያው እንደማይቀርልኝ አውቃለሁ፤ ለዚያች መምህርት ደውዬ አንድም ቀን አልረሳሁም። ለእሳቸው የረሳሁት ለምንድን ነው? የረሳሁትስ ሰዓታቸው ዋጋ ስላልተጻፈበት አይደል?

የመጨረሻው ቀን ብር በፖስታ አድርጌ ሰጠኋቸው። ያሰብኩት ለሰባት ቀን ነው፤ የተማረችው ሰባት ቀን ነዋ! ሳይቆጥሩ ተቀብለው፣ መርቀውን፣ ልጄን ግንባሯን ስመው ሄዱ። ለአገር ቤት ጥሩ የከፈልኩ መስሎኝ ነበር። ሽቱትጋርት ተመልሼ የባንክ ሒሳቤን ስከፍት ግን የኦገስት የፒያኖ ክፍያ እንደ ወትሮው ተቆርጧል። ያቺ መምህርት በዕረፍቷ ወር ሙሉ ደመወዟን አገኘች። ማሲንቆ ያስተማሩት ሰው የሰባት ቀን ብር ወደ ዩሮ ሲመነዘር የሁለት ማክሰኞ የፒያኖ ክፍያ እንኳን አይሞላም። ወሩ አንድ ነው፤ ከፋይዋም አንድ ሰው ነኝ።

ከዚያ ወዲህ «እንደተመቻችሁ» የሚለው ቃል ከየት እንደመጣ ሳስብ ከርሜአለሁ። ትሕትና ብቻ አይመስለኝም። የእኛ አገር የዜማ ትምህርት መሠረቱ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ የኔታ ደግሞ ከተማሪ ገንዘብ አይቀበሉም። የዜማውን መጽሐፍ ድጓን ሊያስመሰክር ጋይንት ቤተ ልሔም የሄደ፣ ሌላውን የዜማ ትምህርት ዝማሬ መዋሥዕትን ሊማር ዙር አምባ የወጣ ተማሪ፣ የልመና አኩፋዳውን ይዞ ቁራሽ ለምኖ ይማራል፤ ውሃ ይቀዳል፣ እንጨት ይለቅማል። ዕውቀት አይሸጥም። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ የቅዱስ ያሬድን ዜማ ከስድስተኛው መቶ ዓመት እኛ ዘመን ያደረሰው ይህ ሥርዓት ነው። ነገር ግን የኔታ ባዶ እጃቸውን አልነበሩም። ከጀርባቸው ለቤተ ክርስቲያን አገልጋዮች የተሰጠ የሰሞን መሬት ነበረ፣ ደብሩ ነበረ፣ ሰበካው ነበረ። አዝማሪውም ቢሆን ከመኳንንቱ ማዕድ ይበላል፣ ይሸለማል፤ ልጁን ወይም የወንድሙን ልጅ ሲያስተምር ዋጋ አይጠይቅም፤ የቤተሰብ ሙያ ነው። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የመንግሥት ሲሆን የሰሞኑም መሬት አብሮ ሄደ፤ የመኳንንቱም ማዕድ ተነሣ። ቃሉ ግን ሳይሄድ ቀረ። መምህሩ ዛሬም «እንደተመቻችሁ» ይላሉ፤ ተማሪው እንጨት አይለቅምላቸውም፣ አከራያቸው ደግሞ እንደተመቸዎት አይላቸውም።

የሚገርመኝ ለሙዚቃ መምህር ውል መጻፍ ለእኛ እንግዳ ነገር አለመሆኑ ነው። በ1924 እ.ኤ.አ. ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም አርባዎቹን ሙዚቀኛ የአርመን ልጆች ሲያመጡ የሙዚቃ መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን በውል ተቀጥረው ነው የመጡት። የወንድማቸው ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያንም በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ብዙዎችን አሠልጥነዋል። ፒያኒስቷን እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን ካይሮ ላይ ቫዮሊን ያስተማሯቸው ፖላንዳዊው አሌክሳንደር ኮንቶሮቪችም አዲስ አበባ መጥተው የክብር ዘበኛን ባንድ መርተዋል። እነዚህ ሰዎች ባለውለታዎቻችን ናቸው፤ የተከፈላቸው ተገቢ ነው። እኔን የሚያሳዝነኝ፣ ከባሕር ማዶ የመጣው መምህር በውል ሲቀጠር የገዛ አገራችን መምህር በይሉኝታ መቅረቱ ነው።

ስንቱን ደግሞ አንድ መምህር ብቻ ይዞት እንደሚያልፍ አስቡት። እንጦጦ ላይ አለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል በገና ባያስተምሩ ኖሮ ዛሬ ዓለሙ አጋ የሚባል በገና ደርዳሪ አናውቅም ነበር። ዓለሙ ደግሞ በተራቸው ከ1972 እስከ 1980 እ.ኤ.አ. ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት በገና አስተማሩ፤ ከዚያ በደርግ ዘመን የበገናው ትምህርት ቆመ። አሥር አውታር ያለው መሣሪያ ከሰው እጅ ሳይጠፋ የቆየው የሚያውቁት ጥቂት ሰዎች ስለነበሩ ነው። መሣሪያውን ሙዚየም ያስቀምጠዋል፤ ጣቱን የሚያስቀምጥ ሙዚየም የለም።

ጀርመንን ገነት አድርጌ እንዳላቀርብ ደግሞ ይህንን ልጨምር። እዚህም የሙዚቃ መምህር በቀላሉ አልኖረም። ከእኛ በኤስ አንድ ባቡር የመጨረሻው ፌርማታ ሄረንበርግ የምትባል ከተማ ናት። በከተማዋ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ፒያኖ ስታስተምር የቆየች አንዲት መምህርት እንደ ሠራተኛ ሳይሆን በሰዓት እንደሚከፈላት የግል ባለሙያ ነበር የምትቆጠረው፤ ትምህርት ቤቱ እንደ አሠሪ ጡረታና የሕመም መድን አይከፍልላትም ነበር። ጉዳዩ ካስል ወዳለው የፌዴራል የማኅበራዊ ጉዳይ ፍርድ ቤት ደረሰና በሰኔ 2022 እ.ኤ.አ. ተፈረደ፦ ክፍሉም ፒያኖውም የትምህርት ቤቱ ነው፣ ተማሪውን የሚመድበው ትምህርት ቤቱ ነው፣ ስለዚህ ሠራተኛ ናት። ከዚያ በኋላ በመላው ጀርመን የሙዚቃ ትምህርት ቤቶች ከመምህራን ጋር ያላቸውን ውል ለመከለስ ተገደዱ። ክፍያ የጨመረባቸው ወላጆች አጉረመረሙ። እዚህ አገር የመምህር ክብር ከሰማይ አልወረደም፤ ተከራክረው ነው ያገኙት፤ አሁንም ይከራከራሉ።

እኛ ለመከራከር እንኳን ገና ነን፤ በመካከላችን አንድ ሌላ ነገር አለ። መምህሩ በመጡ በሁለተኛው ቀን እናቴ ወደ ጓዳ ጠርታኝ «ፒያኖው አይበቃትም? ደግሞ ልጅቷን አዝማሪ ልታደርጊያት ነው?» አለችኝ። ያቺው እናቴ ሳሎን ተመልሳ ለመምህሩ እንጀራ በወጥ አቀረበች፣ በእጇ አጎረሰች፣ «ጋሼ፣ ይብሉ እንጂ» እያለች ለመነች። ሁለቱም ከልቧ ነው። ሰውየውን ታከብራለች፣ ሙያውን ትንቃለች። እኔ ደግሞ ይኸው እስከ ሦስተኛው ዓመት ድረስ ለፒያኖ መምህርቷ አንድ ሲኒ ቡና አላቀረብኩም፤ ቤቴን አታውቀውም፤ ቤቷን አላውቀውም። ሙያዋን ግን የሚንቅ ሰው አላጋጠመኝም። ሁለቱን ማጣመር ለምን አቃተን? ብጠየቅ፣ ማጉረሱን ትቼ መክፈል ብቻ አልፈልግም፤ ማጉረስ ግን ኪራይ አይከፍልም።

በመስከረም ልጄ ማሲንቆውን ልቀጥል ብላ ወጠረችኝ። አንድ ማሲንቆ ይዘን መጥተን ነበር፤ ሻንጣ ውስጥ በልብስ ተጠቅልሎ በደኅና ደርሷል። ለመምህሩ ደወልኩ። በቪዲዮ ለማስተማር እሺ አሉ፤ እዚያው አየር ጤና ሆነው አሜሪካና ኖርዌይ ያሉ ልጆች እንደሚያስተምሩም ነገሩኝ። ዋጋ ስጠይቅ ያው፦ «እንደተመቻችሁ።»

«ጋሼ፣ እንደተመቸን አይሆንም» አልኳቸው። «በክረምቱ ሦስት ቀን በዝናብ መጥተው አስመልሼዎታለሁ፤ ሳልከፍል። መጀመሪያ የእሱን ይቀበሉኝ። ከዚያ ለአንድ ሰዓት ስንት እንደሆነ ይንገሩኝ።»

ዝም አሉ። ቀጥለው ስለ ልጄ ጠየቁኝ፣ ስለ ብርዱ ጠየቁኝ። ስልኩን ዘጋን። በሦስተኛው ቀን በቴሌግራም አንድ ቁጥር ብቻ ላኩልኝ። ከጠበቅሁት ያነሰ ነበር፤ ግን ራሳቸው ያወጡት ዋጋ ስለሆነ አልተከራከርኩም። ወረቀት ላይ በአማርኛ ጻፍኩት፦ ቅዳሜ፣ አንድ ሰዓት፣ ዋጋው ይህን ያህል፣ ከአንድ ቀን በፊት ያላስታወቀ ይከፍላል፣ ክፍያው የአሥራ ሁለት ወር ነው። ፎቶ አንሥቼ ላክሁላቸው።

ወዲያው ደወሉ። «አሥራ ሁለት ወር የምትዪው ምንድን ነው? በፍልሰታ እኮ አላስተምርም፤ ዘንድሮ ጾሙን ገዳም ልገባ አስቤአለሁ» አሉኝ።

«ይግቡ» አልኳቸው። «የፍልሰታም ይከፈላል።»

«ሳላስተምር?»

«አዎ፣ ሳያስተምሩ።»

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሄሎ» አልኩ። አልተቋረጠም፤ ከኋላቸው የታክሲ ረዳት «ሜክሲኮ፣ ሜክሲኮ!» ሲል ይሰማኛል።