ጀበናው ባዶ ነው

ባለፈው ክረምት ሦስት ሳምንት ደሴ ነበርኩ። ኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ ወርጄ ሐረጎን በሚኒባስ ወጣሁ። ዝናብ ነበር። ጉሙ ከመንገዱ አልነሳ ብሎ ሹፌሩ መብራት አብርቶ ነው የነዳው። አክስቴ ቤት ስገባ ቡናው ቶና ላይ ደርሷል። ቴሌቪዥኑ ላይ የአማርኛ ፊልም እየታየ ነው።

አገላብጣ ሳመችኝ። አለቀሰች። ከዚያ "አረፍ በል የኔ ዓለም፣ ሊያልቅ ነው" ብላ አጠገቧ አስቀመጠችኝ። ፊልሙ ላይ አንዲት ቆንጆ ልጅ ለእንግዳ ቡና ትቀዳለች። አክስቴ ትንሽ አየቻትና "ጀበናው ባዶ ነው" አለች።

"እንዴት አወቅሽ እትዬ?"

"ጀበና ሲሞላ ክንድ ይጎትታል። ስታዘነብለው ቀስ ብለህ ነው። ይቺ ልጅ እንደ ላባ አነሳችው። ሲኒው ላይ ጭስ የለ፣ ምን የለ። ታዲያ እንግዳው ምን ቀምሶ ነው 'ቡናሽ ይጣፍጣል' የሚላት?"

የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። አብሮኝ የሚሠራ አንድ አሜሪካዊ አለ። ፊልም ነፍሱ ነው። ተዋናዮች በወረቀት ኩባያ ቡና ይዘው ሲሄዱ ባየ ቁጥር ይናደዳል። "ኩባያው ባዶ ነው። ትኩስ ቡና የያዘ ሰው እጁን እንዲህ አያወናጭፍም" ይላል። የእሱ ብቻ ቅሬታ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ፊልም የሚወዱ ሰዎች ደጋግመው ያነሱታል። አክስቴ ይህን ሰው አታውቀውም። እንግሊዝኛም አትሰማ። ዕድሜዋን ሙሉ ቡና የቀዳ እጇ ነው የነገራት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ደሴ ላይ ሰው ስለ ፊልም ሲያወራ ጆሮዬን ጣል ማድረግ ጀመርኩ።

እኔ ያለሁበት አገር ስለ ፊልም የሚሰጠው አስተያየት ብዛቱ ለጉድ ነው። ሌተርቦክስድ የሚባል መተግበሪያ አለ። በ2011 እ.ኤ.አ. ኒውዚላንድ ውስጥ የተጀመረ ነው። ሰው ያየውን ፊልም እዚያ ይመዘግባል፤ ከአምስት ኮከብ የፈለገውን ይሰጠዋል። ሮተን ቶማቶስ ደግሞ የሃያስያንን አስተያየት ሰብስቦ በመቶኛ ያወጣል። ይህን መቶኛ ብዙ ሰው እንደ ፈተና ውጤት ነው የሚያነበው። 90 ሲል ፊልሙ ከመቶ 90 ያመጣ ይመስለዋል። እንደዚያ አይደለም። ካዩት ሃያስያን ከመቶ 90ዎቹ ወደውታል ማለት ነው። ሁሉም "ደህና ነው፣ ይታያል" ብቻ ብለው ሊሆን ይችላል። 60 ከደረሰ ቀይ ቲማቲም ያገኛል። ከዚያ ከወረደ አረንጓዴ የፈረጠ ነገር ይለጠፍበታል።

ከጓደኞቼ ጋር ፊልም ለማየት ስንወጣ መጀመሪያ የሚታየው ይህ ቁጥር ነው። ትኬቱ ከ15 ዶላር በላይ ነው፤ ሰው ገንዘቡን መጣል አይፈልግም። ይገባኛል። የሚያሳዝነኝ ፊልሙ ካለቀ በኋላ ያለው ነው። መብራት ይበራል። ሁሉም ስልኩን ያወጣል። "ተመቸህ?" "አሪፍ ነው።" እስከ መኪና ማቆሚያው ድረስ ወሬው ይቺው ናት። ጓደኛዬ እቤቱ ሲገባ ሦስት ኮከብ ተኩል ይሰጣል። በማግስቱ ስልኬ ላይ አየዋለሁ። ግማሿን ኮከብ ያስቀነሰው የትኛው ትዕይንት ነው? የቱ ጋ ነው ልቡን የነካው? ሁለት ሰዓት ጎን ለጎን ተቀምጠን እንኳ ይህን አላውቅም።

ደሴ ኮከብ የሚሰጥ ሰው አላጋጠመኝም። ደሴ ሰው ይተርካል።

ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. የቱርክና የሌላ አገር ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ይዞ ከመጣ ወዲህ ተከታታይ ፊልም የቡና ወሬ ሆኗል። ግድግዳ የምንጋራት ጎረቤታችን አንድ ቀን ለቅሶ ሄዳ አንድ ክፍል አመለጣት። በማግስቱ አቦል ላይ አክስቴ ተረከችላት። አጠገባቸው ሆኜ ሰማሁ። "ልጁ ገባ። እናቱን ቀና ብሎ አላያትም። ጫማውን ነው የሚያየው። መዋሸቱን ያወቅሁት እዚህ ጋ ነው።" ጎረቤታችን "ወላሂ፣ እኔማ ባለፈው ፈገግ ሲል ጠርጥሬው ነበር" አለች። ከዚያ ስለዚያ ፈገግታ ሩብ ሰዓት አወሩ። አንድ ተዋናይ ፊቱን እንዴት እንደተጠቀመበት ነው የሚያወሩት። አሜሪካ ቢሆን ይህን የሚያስተምር ክፍል አለ፤ ሰው ከፍሎ ይማረዋል።

ሌላም ነገር አለ። አሜሪካ የፊልም መጨረሻ መናገር ትልቅ ጥፋት ነው። ሰው ጓደኛውን እስከመቀየም ይደርሳል። አክስቴ ግን ፊልሙ ሳይጀመር "ልጁ ይሞታል?" ብላ ትጠይቃለች። ይሞታል ከተባለች አትተወውም። ልቧን አዘጋጅታ ነው የምታየው። ለምን እንደሆነ ጠየቅኳት። "መጨረሻውን ሳላውቅ እሱን ስፈራ ነው የማመሸው። ካወቅሁ ግን ፊታቸውን አያለሁ" አለችኝ። እኔ ከዚያ በኋላ ሁለት ፊልም መጨረሻቸውን አውቄ አየሁ። እውነቷን ነው። ዓይን ያርፋል።

መተረኩ ከየት እንደመጣ ሳስብ ልጅነቴ መጣብኝ። ሰፈራችን ቪዲዮ ቤት ነበር። ጥቁር መጋረጃ፣ የእንጨት አግዳሚ፣ በር ላይ የፊልሙ ስም በጠመኔ። የህንድ ፊልም ሲሆን በትርጉም ነው። አንድ ሰው የሁሉንም ድምፅ ይሆናል፤ የአባትየውን፣ የሙሽራዋን፣ የወንበዴውን። መግቢያ ያጣን ልጆች ውጭ ቆመን በድምፁ ብቻ እንከታተል ነበር። ገብቶ ያየ ልጅ ደግሞ ሲወጣ ላላየነው ከመጀመሪያው ይተርካል። ብዙ ፊልም ያወቅሁት በጓደኞቼ አፍ ነው። ደካማ ተራኪ ከሆነ "ተው በቃ፣ አታበላሸው" ይባላል። ሁላችንም መተረክ የተማርነው እንደዚያ ነው።

አሁን ቪዲዮ ቤት የለም። ፒያሳ አካባቢ ፍላሽ ላይ ፊልም የሚጭን ልጅ አለ። አንድ ከሰዓት በኋላ ሱቁ ውስጥ ተቀመጥኩ። አንዱ ይመጣል፣ "ባለፈው የሰጠኸኝ ደበረኝ" ይላል። ልጁ "የቱ ጋ ነው የደበረህ?" ይለዋል። "መሀሉ ላይ ተንዛዛ። ፍቅሩ አልገባኝም።" ልጁ ትንሽ ያስብና ሌላ ይጭንለታል። ደንበኛው ምን እንደሚወድ፣ ከማን ጋር እንደሚያይ፣ እናቱ አብራው የምታይ ከሆነ ምን መጫን እንደሌለበት በቃሉ ያውቃል። እኔ ቤት ያለው ማሽን ያየሁትን ቆጥሮ ተመሳሳዩን ያመጣልኛል። የቱ ጋ እንደደበረኝ ጠይቆኝ አያውቅም። ግን የዚያ ልጅ ሥራ ለፊልሞቹ ባለቤቶች ሳንቲም አያስገባም። ይህንንም መካድ አልችልም፤ የኛ አገር ባለሙያዎችም የሚጎዱት በዚሁ ነው።

ኮምቦልቻም አንድ ቀን አደርኩ። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ የምትሠራ የአጎቴ ልጅ አለች። ከሦስት ጓደኞቿ ጋር አንድ ክፍል ተከራይተው ይኖራሉ። አንድ ስልክ ግድግዳ ላይ አስደግፈው አራቱም ያያሉ። የማታ ፈረቃ ያላት ካለች ሌሎቹ አይቀጥሉም። ይጠብቋታል። ይህን ሲነግሩኝ እኔ ብቻዬን ሶፋ ላይ ተኝቼ ያየኋቸው ስንት ተከታታይ ፊልሞች ትዝ አሉኝ። የብዙዎቹ ታሪክ ጠፍቶብኛል።

ቅር ያለኝን ልንገራችሁ። ይህ ሁሉ ዓይን፣ ይህ ሁሉ አፍ የአማርኛ ፊልም ሲመጣ ይዘጋል። ፍላሽ የሚጭነውን ልጅ ስለ አንድ የአገር ውስጥ ፊልም ጠየቅኩት። "ያው የአማርኛ ፊልም ነው ጋሼ" አለኝ። በቃ። የቱ ጋ ደበረህ ብሎ ደንበኛውን የሚመረምር ልጅ ነው እንዲህ ያለኝ። ፊልሙን የሠራው ሰው ፊት ለፊት ቢመጣ ደግሞ "በርታ፣ አሪፍ ነው" እንለዋለን። እኛ ውጭ ያለነውም ያው ነን። ዋሽንግተን አካባቢ የሐበሻ ፊልም ሲታይ እናጨበጭባለን፣ ከዳይሬክተሩ ጋር ፎቶ እንነሳለን። መኪና ውስጥ ስንገባ ቀዳደን እንጥለዋለን። ሰውየው የሚሰማው ጭብጨባውን ብቻ ነው። የሚጠቅመው ግን መኪና ውስጥ የቀረው ነበር።

አሜሪካ ፊልም ከታየ በኋላ ዳይሬክተሩ መድረክ ላይ ይወጣና ይጠየቃል። "ይህ ትዕይንት ለምን ረዘመ?" "ይቺ ሴት ለምን ስም የላትም?" ይሉታል። ማንም አይቆጣም። ይህቺን ነገር ሻንጣዬ ውስጥ አድርጌ ደሴ ባመጣት ደስ ይለኝ ነበር።

መናገር ስለማንችል አይደለም። አጎቴ ጡረታ የወጣ መምህር ነው። የኃይሌ ገሪማን "ጤዛ" ከፍላሽ ላይ አይቶታል። ከጀርመን አገር ስለተመለሰ ምሁር ነው። በ2008 እ.ኤ.አ. ቬኒስ ላይ የዳኞችን ልዩ ሽልማት ያገኘ፣ በዓመቱ ደግሞ ዋጋዱጉ ላይ ፌስፓኮ በሚባለው የአፍሪካ ፊልም ፌስቲቫል ዋናውን የወሰደ ፊልም ነው። ስለ ሽልማቱ ስነግረው ብዙም አልደነቀው። "መጀመሪያ ሳየው ጊዜው ተደበላለቀብኝ፤ ዘጋሁት" አለኝ። "ከሳምንት በኋላ ደግሜ አየሁት። ለካ የሰውየው ጭንቅላት ነው የተደበላለቀው። ብዙ ያየ ሰው ትናንትና ዛሬን እንዲህ ነው የሚያስታውሰው።" ስለዚህ ፊልም ካነበብኩት ሁሉ ይህ ይበልጥብኛል።

ከአጎቴ ጋር ስናወራ ወደ ጦርነት ፊልም መጣን። አሜሪካ ጓደኞቼ የጦርነት ፊልም ሲያዩ ስለ ድምፁ ጥራት ያወራሉ። ጥይቱ ከኋላ በኩል እንዴት እንደተሰማቸው ይነግሩኛል። አጎቴ ግን ደሴ በካሜራ ዓይን ገብታ ዓለም ያያት በጦርነት ነው ይላል። በ1928 ዓ.ም. ኅዳር የጣሊያን አውሮፕላኖች ከተማዋን ሲደበድቡ ንጉሠ ነገሥቱ እዚሁ ነበሩ። የውጭ ጋዜጠኞችና ካሜራ የያዙ ሰዎችም ነበሩ። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ጥቅምት ላይ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ደረሰ፤ እስከ ኅዳር መጨረሻ ቆየ። አክስቴ ከዚያ ወዲህ ጥይት ያለበት ፊልም አታይም። አንድ ማታ የልጅ ልጇ ሳያስበው ከፈተ። ሪሞቱን አልጠየቀችም። ተነስታ ወደ ጓዳ ገባች። ልጁ ራሱ አጠፋው። ማንም ምንም አላለም። ስለ ፊልም ከሰማሁት አስተያየት ሁሉ እስካሁን ከውስጤ ያልወጣው ይህ ዝምታ ነው።

ልመለስ ሦስት ቀን ሲቀረኝ የአክስቴ የልጅ ልጅ ጓደኛ መጣ። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። በስልኩ አጭር ፊልም ሠርቷል፤ አሥር ደቂቃ የማይሞላ። ልጇ አረብ አገር ስለሄደችባት እናት ነው። ወሎ ውስጥ ይህን የማያውቅ ቤት የለም። በረካ ላይ ነበርን። ስልኩን ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኝቶ አሳየን። መጨረሻው ላይ ስልክ ይጮኻል። እናትየው አልጋ ላይ ቁጭ እንዳለች ታነሳለች። "ልጄ!" ትላለች፣ ታለቅሳለች። አለቀ።

"ማሻ አላህ፣ በርታ" አለች ጎረቤታችን። ሁሉም በርታ አለው። ልጁ አንገቱን ሰበር አድርጎ ፈገግ አለ። አክስቴ ግን ዝም አለች። ሲኒዎቹን ትሰበስባለች። ፊቷን አየሁት፤ ጀበናው ባዶ ነው ያለች ቀን የነበረው ፊት ነው።

"እትዬ፣ የታየሽ ነገር አለ?" አልኳት።

"ኧረ ጥሩ ነው። ልጁ ለፍቷል።"

"እትዬ፣ ይንገሩኝ በሞቴ" አለ ልጁ ራሱ።

ሲኒዋን አስቀመጠች። "እናት ልጇ ስትደውል ቁጭ ብላ አታነሳም" አለችው። "ትነሳለች። የያዘችውን ትጥላለች። ቤት ውስጥ ይቆራረጣል፤ ስለዚህ እየሮጠች ትወጣለች። ድምፁ እንዳይጠፋ አንድ ቦታ ትቆማለች። ነጠላ እንኳ አትደርብም፤ ብርዱ አይታወቃትም። ደግሞ ወዲያው አታለቅስም። ልጇ እንዳትሰማት ትስቃለች። የምታለቅሰው ሲዘጋ ነው።"

ቤቱ ጸጥ አለ። እኔ አንገቴን ደፋሁ። 17 ዓመት ስደውልላት ኖሬያለሁ። ስትስቅ ብቻ ነው የምሰማት።

ልጁ ስልኩን ከቴሌቪዥኑ ነቀለ። "የት ጋ ነው የሚቆሙት?" አላት።

አክስቴ ተነሳች። ከበርጩማዋ በበሩ በኩል፣ ጫማ ሳታደርግ፣ ከግቢው ጥግ ካለው ሮቶ ጎን ድረስ ሄዳ ቆመች። ልጁ ስልኩን ይዞ እየተከተላት ነበር።