ክብር ለድሬ የመኪና ሊቃውንት

ድሬዳዋ የታደለች ከተማ ናት። ውሃ ይጠፋባት ይሆናል፣ መብራት ይሄድባት ይሆናል፣ የመኪና ሊቅ ግን አጥታ አታውቅም። በየጥላው፣ በየበርጫው፣ በየባጃጁ የኋላ ወንበር አንድ አይጠፋም። ስልኩ ላይ የስፖርት መኪና ፎቶ ብልጭ ሲል ሞዴሉን፣ የተሠራበትን ዓመትና የፈረስ ጉልበቱን አከታትሎ ይነግራችኋል። መጠየቅ አያስፈልጋችሁም። እንዲያውም ባትጠይቁት ይመረጣል፤ ጥያቄ ሐሳቡን ይበትንበታል።

እስከ ዛሬ ያላመሰገንናቸው ንፉጎች ስለሆንን ነው። ያለፈው እሁድ ከዚራ ላይ ያየሁት የሰርግ አጀብ ግን ዝም አላስባለኝም።

ከፊት የምትመራው መኪና ቢጫ ናት። ዝቅ ያለች፣ ሁለት በር ብቻ ያላት። ከኮፋኖዋ እስከ ጀርባዋ አበባ በአበባ ሆናለች። ጥላ ስር የተቀመጡት ሊቃውንት ተነሡ። «ላምቦ ናት» አለ አንዱ። «አቦ ተይ! ፌራሪ ናት፣ ጀርባዋን እያት» አለው ጓደኛው። ሦስተኛው ረጋ ብሎ፣ ዱባይ ደርሶ የተመለሰ ሰው በሚያወጣው ድምፅ፣ «ቡጋቲ» ብሎ ዘጋው። ክርክሩ ከጥላው ወጥቶ አስፋልት ላይ ወረደ። ባጃጆች ቆሙ። ከኋላ አንድ አይሱዙ ጥሩንባውን ለቀቀው። ሙሽራዋ ላቧን በሶፍት እየጠረገች በመስታወቱ ታያቸዋለች። በመሃል የአንድ ሕፃን እጅ የኋላውን ሪባን ሳበና አርማው ተገለጠ። ቶዮታ። ከጎኑ «ሴሊካ» የሚል ጽሑፍ አለ።

እኔና እናንተ ብንሆን እዚህ ላይ አፍረን እንቀመጥ ነበር። ሊቅ ግን በጽሑፍ አይረታም። «ቀረጥ ለመሸሽ የቶዮታ አርማ ለጥፈውባት ነው» አለ የቡጋቲው። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። ነገሩ በስምምነት አለቀ።

ዘዴያቸውን ለማታውቁ ላካፍላችሁ፤ እውቀት ሲደበቅ አልወድም። አንደኛ፣ አርማው ላይ ፈረስ ካለ ፌራሪ ነው። ፖርሽም አርማው መሃል ፈረስ አለው፣ ሙስታንግም እየጋለበ ነው የሚሄደው፣ ግን ሊቃውንቱ ለእንዲህ ያለ ጥቃቅን ነገር ጊዜ የላቸውም። በዚህ ስሌት ሐረር ያለው ፈረስ መጋላ የፌራሪ መሸጫ ነው። ቀጥሎ የበሩ ሕግ አለ። በሩ ወደ ላይ ከተከፈተ ላምቦርጊኒ፣ ወደ ጎን ከተከፈተ አይደለም። ምስኪኖቹ ጋያርዶና ሁራካን! ሁለቱም ጣሊያን አገር ላምቦርጊኒ ተብለው ተመርተው፣ በራቸው እንደ ማንኛውም ኮሮላ ወደ ጎን ስለሚከፈት ብቻ እኛ ጋ ሲደርሱ ዜግነታቸውን ተነጠቁ። ወደ ላይ የሚከፈተውን በር ኩባንያው ለይቶ ያቆየው እንደ ኩንታሽና አቬንታዶር ላሉት ባለ 12 ሲሊንደሮች ነበር። ቀይ ከሆነ ደግሞ በቃ፣ ምንም ይሁን ምን ፌራሪ ነው። ፌራሪ ራሱ አርማው ላይ የቀባው የሞዴና ከተማን ቢጫ መሆኑን ማን ይንገራቸው?

ሐቁን እንነጋገር ከተባለ መለየቱ ከባድ ነው። ሠሪዎቹ ራሳቸው አላገዙንም። ቶዮታ 86 እና ሱባሩ ቢአርዜድ አንድ ሽሮ በሁለት ሳህን ናቸው፤ ከአንድ ፋብሪካ ወጥተው አርማና መብራት ተቀያይረው ይሸጣሉ። እ.ኤ.አ. በ2019 የመጣችው የቶዮታ ሱፕራ ከቢኤምደብልዩ ዜድ 4 ጋር አጥንቷ አንድ ነው፤ ሁለቱም ኦስትሪያ፣ ግራዝ ውስጥ የተገጣጠሙ ናቸው። ፖርሽ 911 ደግሞ ከስድሳዎቹ ጀምሮ ያው እንቁራሪት የመሰለ ፊት ይዞ ነው የመጣው። ትውልዱን የሚለዩት 993፣ 996፣ 997 እያሉ በፋብሪካ ቁጥር ነው፤ እሱንም ብዙ ጊዜ መብራቱን ካዩ በኋላ። እንግዲህ አንድ ሰው ባይለይ ምን ነውር አለው? «አላውቅም» ማለት ይቻላል። ግን ይቺ ቃል ድሬ ውስጥ ቀረጥ ያለባት ይመስል ማንም አያስገባትም።

ከሁሉም በላይ የምሰግድለት በጆሮው የሚለየውን ነው። ሳቢያን አካባቢ አንድ በርጫ ላይ የማውቀው እንዲህ ያለ ሊቅ አለ። ስሙን አልጠራም፤ በየሰፈሩ አንድ ስለማይጠፋ የራሳችሁን ሙሉበት። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ምርቃናው ጫፍ በነካበት ሰዓት፣ ከአጥሩ ውጭ ከሩቅ የሆነ ድምፅ መጣ። ሊቁ እጁን አነሣ። ዝም አልን። ሻይ ሲቀዳ የነበረው ልጅ ፔርሙሱን እንዳጋደለ ቀረ።

«ስሙ» አለ ዓይኑን ጨፍኖ። «ቪ 12 ናት።»

ባለ አሥራ ሁለት ሲሊንደር ሞተር ማለቱ ነው። ማንም አልተነፈሰም። «ቱርቦ የላትም» ብሎ ቀጠለ። «ቱርቦ ቢኖራት ታፏጭ ነበር። ይህቺ አየሩን በራሷ ሳንባ ነው የምትስበው።» ድምፁ ቀረበ። ሊቁ ጭንቅላቱን ወደ ግራ ዘንበል አደረገ፤ የጣሊያን ሞተር በቀኝ ጆሮ ነው የሚሰማው አለን። «አሁን ማርሽ ቀነሰ። ሰማችሁ? ሦስተኛ ነበር፣ ሁለተኛ አስገባ።» ሰማን። ምን እንደሰማን አናውቅም፣ ግን ሰማን። አንዱ «የማን ትሆን?» ብሎ ጠየቀ። ሊቁ ሳይቆጣ መለሰለት። በጅቡቲ በኩል ነው የገባችው፣ ከመርከብ ስትወርድ ያያት ሰው ነግሮታል፣ ባለቤቱ ግን ስሙ እንዲነሣ አይፈልግም። ሀብታም ሰው እንዲህ ነው፣ አይወድም። ድምፁ አሁንም ቀረበ። «የ2013 ሞዴል» አለ። «ከዚያ በኋላ ድምፁን አለስልሰውታል።» ከጫቱ አንድ ቀንበጥ ቀጨ፣ አኘከ፣ አሰበ። ቀለሟን ጠየቅነው። በድምፅ ቀለም መለየት ትንሽ ያስቸግራል ብሎ አመነታ፤ ትሑት ሰው ነው። ከዚያ «ሰማያዊ» አለ። ሁለቱ ጫማቸውን ፍለጋ ገቡ። አንዱ ስልኩን ለቪዲዮ አዘጋጀ። አንዱ ደግሞ ባለቤቱን ያውቀው ይሆናል ብሎ ጸጉሩን በውሃ አበሰ። ድምፁ ማጠፊያው ጋ ደረሰ። ቆርቆሮው በር ተንቀጠቀጠ። ከፈትነው። ሁላችንም አንገታችንን አወጣን።

ማርሚታዋ የወለቀ ባጃጅ ነበረች።

ሰማያዊ መሆኗን ልንክድ አንችልም። ኋላዋ ላይ ሁለት ፍየልና የፍየሎቹ ባለቤት ተቀምጠዋል። ማርሚታው በሲባጎ ታስሮ ከፍየሎቹ እግር ስር ይንከባለላል። ሊቁ ባጃጇ እስክታልፍ ድረስ በእርጋታ አያት። የባጃጅ ሞተር አንድ ሲሊንደር ነው። ሰውየው በአሥራ አንድ ሲሊንደር ብቻ ነው የሳተው፤ ቀለሙን ደግሞ አግኝቷል። ተመልሶ ትራሱን እያስተካከለ «ማርሽ የቀነሰበት ቦታ ግን ልክ ነበርኩ» አለ። ይህን ሰው ሐረር ወስዳችሁ መኪና ግርግር የሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ላይ ብታቆሙት የስፌት ማሽኖቹን አዳምጦ ስንት ቪ 8 እንዳለ ይነግራችሁ ነበር።

እዚህ ድረስ መሳቅ ይቻላል። የሚከተለው ግን አያስቅም። በቅርቡ ከቀፊራ ቲማቲም ይዛ ወደ ቤቷ የምትሄድን እናት አንድ መኪና ገጭቷት አመለጠ። እግሯ ተሰበረ። ቲማቲሙ አስፋልቱ ላይ ተፈጠፈጠ። ምን ዓይነት መኪና ነበር? ኧረ ሁሉም ያውቃል! ነጭ ቪትዝ፣ ኋላው ላይ ክንፍ የተገጠመለት፣ ቸርኬው የተቀየረ፣ መስታወቱ የጠቆረ፣ «ስፖርት» የሚል ስቲከር የተለጠፈበት። ቸርኬው ስንት ኢንች ነው በሚለው ላይ ሁለት ሰዎች ተከራከሩ። ሴትየዋ መሬት ላይ ተኝታ ነው እኮ! ታርጋው ስንት ነበር? ዝም። ከዚያ ሁሉ ዓይን አንድም አላየውም። ክንፉን አይታችሁ፣ ስቲከሩን አይታችሁ፣ ቁጥሩን ማየት ምን ያህል ይከብዳል? የቪትዝ ሹፌሩ ወንጀለኛ ነው። እናንተስ? ማታ ማታ በከዚራ ዛፎች ስር ማርሚታ እያስጮሁ የሚጋልቡትን ቆማችሁ የምታጨበጭቡት፣ «ሲችልበት!» የምትሉት፣ ያንን ልጅ መሪ ላይ ያስቀመጣችሁት እናንተ ናችሁ። ያ ሰው ሲችልበት አይታችኋል። እግሯን ሰበረው።

ወደ ምስጋናዬ ልመለስ።

ሊቁ አንዳንድ ቅዳሜ ንፋስ ለመቀበል በደንገጎ ጠመዝማዛ ሽቅብ ወደ ሐረር ይወጣል። እዚያ ሲደርስ ባጃጅ ካጣ ከቀሩት የፔጆ 404 ታክሲዎች በአንዷ ይሳፈራል። በሩን ድው አድርጎ ይዘጋና «ይሄ ቆርቆሮ ዛሬም አለ?» ይላል። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ ፌራሪ ያያል። ስልኩ ላይ ያለችው እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣችው ቴስታሮሳ ናት እንበል። እሷን የነደፋት ፒኒንፋሪና የሚባለው የጣሊያን ቤት ነው። ኤፍ 40 የምትባለውን ፌራሪም የነደፈው እሱ ነው። ሊቁ የተቀመጠባትን፣ በሯን የደበደባትን 404 የነደፈውም ያው ቤት ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 ወጣች። በአንድ እጁ የያዛትና በመቀመጫው የተቀመጠባት እህትማማቾች ናቸው። አንደኛዋን ይስማታል፣ ሌላዋን ይሰድባታል።

ይህ ብቻ አይደለም። ሊቁ የሚምልበት ፖርሽ 911 እ.ኤ.አ. በ1963 ፍራንክፈርት የመኪና ትርኢት ላይ ሲታይ ስሙ 901 ነበር። መሃሉ ላይ ዜሮ ያለበት ባለ ሦስት አሃዝ ስም ፈረንሳይ ውስጥ የእኔ ነው ብሎ ያስቀየረው ማን ነው? ፔጆ! እንግዲህ የፖርሽን ስም ያስለወጠች ዜሮ በየቀኑ ከሸዋ በር ገበያ ሽንኩርት ጭና ትመለሳለች ማለት ነው። ውድድር ካላችሁም 404 የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ራሊን እ.ኤ.አ. በ1963፣ በ1966፣ በ1967 እና በ1968 አሸንፋለች። በጭቃና በአቧራ፣ በእኛው ሰፈር። ሊቁ በዕድሜው የሚሳፈርባት የውድድር አሸናፊ ሞዴል እሷ ብቻ ሳትሆን አትቀርም፤ እሱ ግን ሒሳቡ በዛብኝ ብሎ ይጨቃጨቃል።

አንዴ አብሬው ነበርኩ። ዳገቱ መሃል ላይ አዛውንቱ ሹፌር ጆሯቸውን ጣል አደረጉ፣ ከመኪናዋ ወረዱ፣ ኮፋኖዋን ከፈቱ፣ በካቻቢቴ አንድ ነገር ትንሽ አዞሩ። ድምፁ ጠራ። ሲመለሱ የሊቁን ስልክ አዩት።

«ምንድን ናት ልጄ?»

«ቴስታሮሳ ናት አባባ። እርስዎ አያውቋትም።»

መነፅራቸውን አስተካክለው አዩአት። «ቆንጆ ናት። የፊት መብራቷ ወዴት አለ?»

ሊቁ ፎቶውን አጎላው። አሳነሰው። አዞረው። «ዘመናዊ ናት አባባ» አለ በመጨረሻ። «መብራት አያስፈልጋትም።» የቴስታሮሳ መብራት ኮፋኖው ውስጥ ተደብቆ ሲበራ ብቅ የሚል ነው። ሽማግሌው ምንም አላሉም፤ ማርሽ አስገቡ።

አሁን የሚያሳስበኝ የነገው ነው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ተከለከለ። ኤሌክትሪኮቹ መጡ። ሞተራቸው አይጮህም፣ ማርሚታ የላቸውም። በጆሮው የሚለየው ሊቃችን እንጀራው ተዘጋ ብዬ አዝኜለት ነበር። በቀደም የደንገጎ መንገድ መነሻ ላይ አብረን ቆመን ሳለ አንዲት አዲስ ኤሌክትሪክ መኪና ሽው ብላ አለፈችን። ኮሽታ የለም። ዓይኑን እንደጨፈነ ነው። ጭንቅላቱን ወደ ግራ ዘንበል አድርጎ ትንሽ ቆየ።

«ቪ 12 ናት» አለ። «ነዳጅ ለመቆጠብ ሞተሩን አጥፍቶ በቁልቁለቱ እየለቀቃት ነው።»

መኪናዋ ሽቅብ ወደ ሐረር እየወጣች ነበር።