የማዳም ኤክስ ቀይ ጆሮ

አሜሪካዊው ሠዓሊ ጆን ሲንገር ሳርጀንት ሲነሳ «የሀብታም አሞጋሽ» የሚለው አይቀርም። የጥንት ሊቃውንትን አሣሣል ቀድቶ፣ የባለጸጋ ሚስቶችን እያሳመረ ገንዘብ የሠራ ሰው ይሉታል። ግማሹ እውነት ነው። ከፋዩ ፎቶ ቤት ገብቶ «ትንሽ አሳምረኝ» እንደሚለው ሰው ነው፤ መልኩን ሳይሆን ምኞቱን ነው የሚገዛው።

ሌላው ግማሽ ላይ ግን እከራከራለሁ።

የፓሪስ መምህሩ ካሮሉስ ዱራን «ቬላስኬዝን እዩ» ማለት የማይሰለቸው ሰው ነበር፤ የ17ኛው ክፍለ ዘመን የስፔን ሠዓሊ ማለቱ ነው። ሳርጀንትም እ.ኤ.አ. በ1879 ማድሪድ ወርዶ ፕራዶ ሙዚየም ውስጥ የቬላስኬዝን ሥዕሎች ገለበጠ። ከዚያ ያመጣው ወርቁንና ጥልፉን አይደለም። ቁጠባውን ነው፤ ጥቂት ቀለም፣ ጨለም ያለ ባዶ ጀርባ፣ ብርሃኑ ደግሞ በሚፈለግበት ቦታ ብቻ።

ከዚያ ቨርጂኒ ጎትሮ መጣች። ፓሪስ ስለ ውበቷ የሚያወራላት ሴት። ማንም አልከፈለውም፤ «ልሣልሽ» ብሎ የለመነው እሱ ነው። ሸራው ቁመቱ ሁለት ሜትር ያልፋል። ቡናማ ግድግዳ፣ ጥቁር ቀሚስ፣ ዱቄት የተቀባ ነጭ ገላ። አንዱ የቀሚስ ማንገቻ ከትከሻዋ ወርዷል። በ1884 በፓሪስ ሳሎን ዐውደ ርእይ ሲሰቀል ከተማው ተንጫጫ። እናቷ «አውርዱልኝ» ብትልም እሱ አሻፈረኝ አለ። በኋላ ግን ማንገቻውን ወደ ትከሻዋ መልሶ ሣለው። ይሄ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

ሁሉም የሚያወራው ስለ ማንገቻው ነው። እኔ ስልኬ ላይ አጉልቼ የማየው ጆሮዋን ነው። ፊቷም፣ አንገቷም፣ ክንዷም ዱቄት ለብሷል፤ ጆሮዋ ግን ቀይ ነው። ደም ያለበት፣ የሰው ጆሮ። ማሳመር ብቻ የፈለገ ሠዓሊ በአንድ ብሩሽ ይሸፍነው ነበር።

ከጫጫታው በኋላ ሳርጀንት ለንደን ገባ። ባለማዕረጉ ሁሉ ደጅ ጠናው። በ1907 ገደማ ግን የቁም ሥዕል ትእዛዝ ሰልችቶት ተወው። የጎትሮን ሸራ ግን ሠላሳ ዓመት ያህል ይዟት ኖረ። በ1916 ለኒውዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም በ1,000 ፓውንድ ሲሸጣት፣ ከሠራሁት ሁሉ የሚሻለው ይህ ሳይሆን አይቀርም ብሎ ጻፈ። የሴትየዋ ስም እንዳይጠቀስም ጠየቀ። «ማዳም ኤክስ» መባሏ ለዚህ ነው።

ማንገቻውን መለሰው፣ ስሟንም ደበቀው። ጆሮዋ ግን እንደቀላ አለ።